አሸዋ፣ ጭድና የሠዓሊው መደብ



ደብረ ታቦር በተነሣ ቁጥር እኛ መሐንዲሶች ወዲያው የምንጠቅሰው ጋፋትንና ዐፄ ቴዎድሮስ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ነው። ብረት ይማርከናል። ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ግን አሸዋና መሰል የተፈጥሮ ቁሶች በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ስላላቸው ሥፍራ ነውና፣ የምናገረው ስለ ጭቃ ይሆናል።

በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተውን የዞማ ሙዚየም ያያችሁ ትኖራላችሁ። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና ባልደረባው መስከረም አሰግድ ግድግዳዎቹን በጭቃና በጭድ አሠርተው፣ ልስኑን በእጅ በተቀረጸ ጌጥ አስውበውታል። እዚያ ጭቃው የሥዕል መደብ ብቻ አይደለም፤ ሥዕሉ ራሱ ነው።

ይህ ለደቡብ ጎንደር ሰው እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። በደጋው ባሉ አያሌ ክብ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱ ግድግዳ በጭቃና በጭድ ይለሰናል፤ በላዩ የጥጥ ሸማ ተለጥፎ ሥዕሉ ይሣላል። የምርጊቱ አሠራርም ስሌት አለው። ሸክላ የበዛበት አፈር ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል፤ አሸዋ ግን መጠኑን አይለቅም፤ ጭዱም እንደ ጅማት ይይዘዋል። (በእኛ ቋንቋ ጭድ ለጭቃ፣ ብረት ለኮንክሪት እንደ ማለት ነው።) ዋልካ ውሃ ሲያገኝ ያብጣልና ለዚህ አይሆንም፤ በፎገራ ሜዳ መንገድ የሠራ ሁሉ ጠባዩን ያውቃል። ከሁሉ በላይ ግን የጭቃ ግድግዳ እርጥበትን ተቀብሎ መልሶ ይተነፍሳል።

ይህን የመጨረሻውን የተማርሁት በገዛ ጥፋቴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ገጠር ደብር ሽማግሌዎች የአፈር ወለሉ አቧራ አስቸግሯቸው ምክር ጠየቁኝ። በሲሚንቶ ይለበጥ አልኋቸው፤ ንድፉንም ሠራሁላቸው። አንድ አረጋዊ መራጊ «ልጄ፣ የክረምቱ ርጥበት በየት ሊወጣ ነው?» ቢሉኝ፣ በአክብሮት ፈገግ ብዬ አለፍሁ። ሁለት ክረምት አልፎ ስመለስ በወለሉ መውጫ ያጣው ርጥበት በግድግዳው ሥር ሽቅብ ወጥቶ፣ ልስኑ ላይ ነጭ ጨው አብቅሎ ነበር። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር በታች ያለው ሸማም ከምርጊቱ ተላቋል።

ዛሬ በአፈርና በአሸዋ የሚሠሩ ሠዓሊዎች ሥራቸው ዘላቂ አይደለም ሲባሉ እሰማለሁ። ነቀፌታው ወደ እኛም መዞር አለበት። የጭቃ ሥራ ዕድሜው በጣራው ክፈፍ፣ በመሠረቱ፣ በውሃ መውረጃውና በየጊዜው በሚመለሰው የመራጊ እጅ ይወሰናል፤ ከአራቱ ሦስቱ የእኛ ሙያ ናቸው።

ባለፈው በጋ ወለሉን አስፈርሰን በጠጠርና በአፈር መለስነው፤ በውጭም ቦይ አስቆፈርን። መራጊው አዲሱን ጭቃ በመዳፋቸው እያሹ የአሸዋውን ልክ ሲነግሩኝ፣ እኔ በጣሳ እየሰፈርሁ እጽፍ ነበር። ግድግዳው እየደረቀ ነው። የተላቀቀው ሸማ ግን ተጠቅልሎ በዕቃ ቤት ተቀምጧል፤ ሳይጎዳ መልሶ የሚለጥፈው ባለሙያ እስካሁን አላገኘንም።