የገለምሶ ፀሐይና የመኪና ቀለም



በገለምሶ ገበያ ዳር ከሚቆሙት መኪናዎች የብዙዎቹ ጣሪያና ኮፈን ነጥቶ፥ በሮቻቸው ግን የቀድሞ መልካቸውን እንደያዙ ይታያሉ። ባለንብረቶቹ ሙቀቱን ይወቅሳሉ። ሙቀት ግን የጉዳቱ አፋጣኝ እንጂ መነሻው አይደለም። ቀለሙን የሚበላው ዓይናችን የማያየው የአልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ ይህም በአየሩ መሞቅና መቀዝቀዝ አይለካም። ስለዚህ ከሜኤሶ ቆላ ወጥቶ ነፋሻው ገለምሶ የደረሰ ሰው ፀሐዩ የላላለት ቢመስለው ተታሏል።

ከባሕር ጠለል 1000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር የጨረሩ ኃይል 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ገለምሶ ከ1700 ሜትር በላይ ስለሆነች፥ በጠራ ሰማይ መኪናው በዚያ የሚያርፍበት ጨረር ከመርከብ በወረደበት በጅቡቲ ወደብ ካገኘው በአንድ ስድስተኛ ገደማ ይበልጣል። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ብቻ በመራቋም፥ ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ በቀትር አናት ላይ ትቆማለች። ጣሪያና ኮፈን ከበር ቀድመው የሚጎዱት ሰማይን ፊት ለፊት ስለሚያዩ ነው።

የዛሬ መኪና ቀለም በላሜራው ላይ የተደራረበ ስስ ልብስ ነው፤ ከታች ዝገት መከላከያው፥ በላዩ መሠረቱና ቀለሙ፥ በመጨረሻም ክሊር የምንለው ግልጽ ሽፋን። ሁሉም ተደምሮ ከ0.15 ሚሊሜትር እምብዛም አያልፍም። በክሊሩ ውስጥ ጨረርን ውጠው ወደ ሙቀት የሚለውጡ ኬሚካሎች አሉ፤ እነዚህ ግን በዓመታት ብዛት ያልቃሉ። ያን ጊዜ ጨረሩ የሬዚኑን ሰንሰለት ይበጥሳል፤ ኦክስጅን በተበጠሰው ይገባል፤ ክሊሩም ይነጣል፥ ይሰነጠቃል፥ ይላጣል። ከዚህ በኋላ ፖሊሽም ሆነ ሰም አያድነውም፤ ፍቆ እንደገና ከመቀባት በቀር መፍትሔ የለውም።

እንግዲህ ጥበቃው ከጉዳቱ መቅደም አለበት። ቀዳሚው ጥላ ነው። ከረፋዱ 4 እስከ 9 ሰዓት መኪናውን ከቆርቆሮ ወይም ከሸራ ዳስ ሥር ማቆም ከማንኛውም ቅባት ይበልጣል። የዛፍ ጥላም መልካም ነው፤ ነገር ግን የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫ በጋለ ቀለም ላይ ጠባሳ ስለሚተዉ፥ በዕለቱ በውኃ አርሶ ማንሣት ይገባል።

ሁለተኛው አጠባ ነው። በአቧራ ውስጥ ከክሊሩ የሚጠነክር ደቃቅ አሸዋ ስላለ፥ በደረቅ ጨርቅ መወልወል በብርጭቆ ወረቀት እንደ መፋቅ ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙና ሰሙን አጥቦ ይወስዳል። በናፍጣ መወልወልም ለጊዜው ያብለጨልጫል እንጂ አቧራ ይሰበስባል።

ሦስተኛው ሰም ነው። የንብ ሰማችን በ63 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ የጥቁር መኪና ጣሪያ ግን በቀትር ከዚህ ሊያልፍ ይችላል። ከብራዚል ዘንባባ የሚገኘው የካርናውባ ሰም ከ80 ዲግሪ በላይ ይጸናል፤ እርሱም ቢሆን በየሁለትና ሦስት ወሩ መታደስ አለበት። ሰም ውኃንና እድፍን ይከላከላል፤ ጥላን ግን አይተካም።

ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቀለሙ የተላጠ ላሜራ በክረምት ይዝጋል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፥ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ማቆየት ለብዙ ቤተሰብ የእንጀራ ጉዳይ ሆኗል።

ስለዚህ ምክሬን ለሹፌሮች ብቻ አልተወውም። የመሥሪያ ቤትንና የመናኸሪያን ንድፍ የምናወጣው እኛ ነን። በጀት ሲያጥር ግን የማቆሚያው ዳስ እንደ ቅንጦት ተቆጥሮ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ይሰረዛል። አንድ ዳስ በሥሩ የሚያድራቸውንና የሚውሉባቸውን መኪናዎች ለዓመታት ከዳግም ቅብ ወጪ ያድናል። ይህን ሒሳብ ከንድፋችን ጋር አያይዘን ለባለንብረቱ እናቅርብ፤ ሠርቶ ማሳየት የሙያችን ድርሻ ነውና።