የመዝገብ ቤት ሠራተኛና የግንባታ ውል



የመንግሥት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ተግባር ደብዳቤን ተቀብሎ መመዝገብ፣ አባሪውን መቁጠር፣ ቁጥርና ቀን ሰጥቶ ለሚመለከተው ክፍል አስፈርሞ ማስረከብ ነው። ሥራው ቀላል ቢመስልም በግንባታ ውል ላይ ክብደቱ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ መሠረት፣ ተቋራጩ ለተጨማሪ ጊዜ ወይም ክፍያ ምክንያት የሆነውን ነገር ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ዕለት አንሥቶ በ28 ቀናት ውስጥ ለመሐንዲሱ ካላስታወቀ መብቱን ያጣል። መሥሪያ ቤቱ ራሱ በመሐንዲስነት በሚሠራበት ውል፣ የገቢ ማኅተሙ ቀን ዋና ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ ሠራተኛው የኢትዮጵያንና የአውሮፓን ቀን አመሳክሮ የሚያውቅ፣ ጳጉሜንንም በቆጠራው የማይዘነጋ ሊሆን ይገባል።

መሐንዲሱም በእጁ የደረሰውን ደብዳቤ በጠረጴዛው ላይ ሳያቆይ በዕለቱ ወደ መዝገብ ቤት ማስተላለፍ ግዴታው ነው።