ጎተራው ሙሉ፣ ስፍሩ ጎደሎ፦ በሊኑክስ ስለሚታይ የዲስክ ቦታ ልዩነት



በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ ያለ ገበሬ የበቆሎውን መጠን በሁለት መንገድ ያውቃል፤ ጎተራውን ከውጭ አይቶ ይገምታል፣ ወይም እህሉን በቁና ይሰፍራል። ሁለቱ ባይገጥሙ ምክንያቱን ይመረምራል እንጂ እህሉን አውጥቶ አይጥልም።

የሊኑክስም ነገር እንዲሁ ነው። «ዲኤፍ» የተባለው ትእዛዝ ከዲስኩ ክፍል አጠቃላይ መዝገብ የተያዘውን ቦታ ይናገራል፤ «ዲዩ» ግን በስም የሚያገኛቸውን ፋይሎች አንድ በአንድ ይደምራል። የዲኤፍ ቁጥር ከዲዩ እጅግ ቢበልጥ ሦስት ነገሮች ይመረመራሉ።

አንደኛ፣ ስሙ የተሰረዘን ፋይል አንድ ፕሮግራም ከፍቶ ይዞት ከሆነ ቦታው አይለቀቅም፤ ያዡን «ኤልኤስኦኤፍ» ያሳያል፤ ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲነሣ ቦታው ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ሌላ ዲስክ በተገጠመበት ማውጫ ሥር ቀድሞ የተቀመጡ ፋይሎች ተሸፍነው ይቀራሉ። ሦስተኛ፣ ያለ አስተዳዳሪ ሥልጣን የተሠራ ዲዩ የተከለከሉ ማውጫዎችን አይቆጥርም።

በ«ኤክስት4» ደግሞ በተለምዶ ከቦታው 5 በመቶው ለአስተዳዳሪው ይጠበቃል። ይህ እንደ ዘር እህል ነው፤ ባዶ መስሎ ቢታይም ለተራ ተጠቃሚ አይሰጥም።

የገበሬውን የመሬት ይዞታ መዝገብ በኮምፒዩተር የሚያኖር ጽሕፈት ቤት «ዲስኩ ሞላ» ብሎ ነባር መዝገብ ቢሰርዝ፣ በተከፈተ ፋይል የታሰረው ቦታ እንደ ታሰረ ይቀራል፤ የባለይዞታው ማስረጃ ግን ይጠፋል። ስለዚህ ባለሙያ ከመሰረዙ በፊት ያዡን ይፈልግ።