ጃን ሜዳ የማን ነው?

(ለተማሪዎች ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ከስድስት ኪሎ ግቢያችን ወጥተን ጥቂት ብንራመድ ጃን ሜዳን እናገኛለን። ቅርብ በመሆኑም ብዙዎቻችን ታሪኩን ሳንጠይቅ እናልፈዋለን። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሜዳው ጥቂት ቃል ለመናገር ተነሥተናል።

«ጃን» የሚለው ቃል «ጃንሆይ» ከሚለው መጠሪያ ጋራ ዝምድና ያለው ሲሆን፣ ጃን ሜዳ ማለት የንጉሥ ሜዳ ማለት ነው። በነገሥታቱ ዘመን ሠራዊት ይሰለፍበት፣ ፈረሰኞች ጉግስ ይጋጠሙበት፣ በገናም በዓል የገና ጨዋታ ይደረግበት ነበር። በየዓመቱ ጥር 10 ቀን ታቦታት ወርደው ያድሩበታል። ሯጮቻችን ለዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የተመረጡባቸው ውድድሮችም ተካሂደውበታል። እንግዲህ በስሙ የንጉሥ ይሁን እንጂ በግብሩ የሕዝብ ሜዳ ሆኖ ኖሯል።

ነገር ግን ሜዳ ሁሉ አንድ አደጋ አለበት፤ ይኸውም ባዶ ስለ ሆነ ሥራ የፈታ መሬት መምሰሉ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፣ የሰው መጨናነቅ እንዲቀንስ ተብሎ የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ለክፉ ቀን የተደረገ ነውና ይህን አንነቅፍም። ይሁን እንጂ ክረምቱ ሲገባ ሜዳው ጭቃና ቆሻሻ ሆነ፤ ኳስ የሚጫወቱ ልጆችም ቦታ አጡ። ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት የተነሣው በ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ ነው። ያን ጊዜ ብዙ ወጣቶች በዘመቻ ወጥተው ሜዳውን አጸዱት።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ታቦት የማይወርድበት ሜዳ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ፈጥኖ ይመለስ ነበርን? በዓል ጠባቂ አለው። በጨርቅ ኳስ የሚጫወት የሰፈር ልጅ ግን ሜዳው ሲወሰድበት ማመልከቻ የሚጽፍለት የለም።

ብዕርና ወረቀት የያዝነው እኛ ነን። ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን፤ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠይቀን የሜዳውን ታሪክ እንመዝግብ፤ ከበዓል ማግስት ከሰፈሩ ልጆች ጋራ ወጥተን እንጥረግ፤ ሜዳው ለሌላ ነገር በተፈለገ ጊዜም «መቼ ይመለሳል?» ብለን በጽሑፍ እንጠይቅ። የተዋሱትን መመለሻ ቀኑን ያልጠየቀ ባለቤት፣ ንብረቱን እንደ ሰጠ ይቆጠራልና።