ቡችላው ከልጁ ፈጥኖ ያድጋል
(በተማሪ ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



እንዲህ ባለው የበዓል ቀን ስለ ውሻ ለመናገር መነሣታችን አንዳንዱን ሰው ሳያስቀው አይቀርም። ውሻ በአገራችን ስሙ ለስድብ የሚጠራ፣ ቦታውም ከአጥር ጥግ የማያልፍ ፍጥረት ነውና። ነገር ግን ንግግራችን በየቤታችን ያሉትን ታናናሽ ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን የሚመለከት ስለ ሆነ፣ ጥቂት ጊዜ በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንለምናለን።

በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ግቢውን የሚጠብቅለት ትልቅ ውሻ የሚፈልግ ቤተ ሰብ ብዙ ነው። በዚህም ጊዜ ስማቸው ከሚነሣው ዘሮች አንዱ ጀርመን ሼፐርድ የሚባለው ነው። ይህን ዘር ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የተባለ የጀርመን ፈረሰኛ ጦር መኰንን በ1899 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ማኅበር አቋቁሞ ሲያደራጀው፣ መነሻ ያደረገው የበግ ጠባቂ ውሾችን ነበር። በግ ጠባቂ ውሻ መንጋውን የሚመልሰው በጎቹን ሳይጐዳ የእረኛውን ቃል እየሰማ ነው። እንግዲህ የዘሩ መሠረት መታዘዝና ማስተዋል እንጂ ቍጣ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የዚህ ዘር ቡችላ በ2 ወሩ ከእናቱ ተለይቶ ሲመጣ 7 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የ3 ዓመት ልጅ ደግሞ 14 ኪሎ ያህል ነው። በዚያን ጊዜ ልጁ ትልቅ፣ ቡችላው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ጥቂት ወራት ሳያልፉ ቡችላው ልጁን በክብደት ይበልጠዋል፤ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ወንዱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይደርሳል፤ ልጁ ግን ገና 5 ዓመት እንኳ አልሞላውም። ስለዚህ ቡችላው ሰው ላይ እየዘለለ ሲወጣ፣ የቀሚስ ጫፍ ነክሶ ሲጐትት፣ ከልጅ እጅ ዳቦ ሲነጥቅ የሚሥቅ ቤተ ሰብ፣ ያንኑ ሥራ 35 ኪሎ በሆነ ጊዜ ቢያይ አይሥቅም። ውሻው የሚያውቀው የተፈቀደለትን ነው፤ ትናንት የተፈቀደለት ዛሬ ለምን እንደሚያስደበድበው አይገባውም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ይህንንም ይጨምራል።

ለውሻ ጠባይ ዋናው ጊዜ ከ3ኛው ሳምንት አንሥቶ እስከ 14ኛው ሳምንት አካባቢ ያለው ነው። በዚህ ጊዜ ቡችላው ያየውንና የለመደውን ነገር በኋላ አይፈራውም። የሕፃን ልቅሶ፣ የኳስ ድምፅ፣ ዣንጥላ የያዘ ሽማግሌ፣ ነጠላ የለበሰች እናት፣ የመኪና ጥሩምባ፣ ይህን ሁሉ በእርጋታና ከመልካም ነገር ጋር ሊያውቀው ይገባል። ክትባቱን እስኪጨርስ ድረስ ግን ባለቤት የሌላቸው ውሾች ከሚውሉበት ስፍራ መራቅ ስላለበት፣ ወደ ውጭ ሲወጣ አቅፎ መያዝ ይሻላል።

አንዳንድ ሰው፣ «ውሻ ካልተናከሰ ምኑን ጠበቀ?» ይላል። በዚህም አሳብ ቡችላውን በጨቅላነቱ በአጭር ሰንሰለት አስሮ፣ ሰው እንዳይለምድ ከልክሎ ያሳድገዋል። ይህ አካሄድ የሚያሳድገው ፍርሃትን ነው። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የዋለ ውሻ የሚያልፍ የሚያገድመውን ሁሉ እንደ ጠላት ይቈጥራል። ሌባ በሌሊት ተጠንቅቆ ይመጣል፤ ልጅ ግን በቀን እየሮጠና እየጮኸ በውሻው ፊት ያልፋል። ሰንሰለቱ በተበጠሰ ዕለት የመጀመሪያውን አደጋ የሚያየው ማን እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው፣ ከቤተ ሰቡ ጋር ተላምዶ ያደገ ውሻ የቤቱን ሰው ከባዕድ ለይቶ ያውቃል፤ ጩኸቱም ራሱ ትልቅ ጥበቃ ነው።

አሁን ልጆችና ቡችላው አብረው ስለሚውሉበት ደንብ እንናገር። የመጀመሪያው ደንብ ለአዋቂዎች ነው፤ ይኸውም ትንሽ ልጅንና ውሻን ለአንድ ደቂቃ እንኳ ብቻቸውን አለመተው ነው። እናት ወደ ማድ ቤት ስትገባ ከሁለቱ አንዱን ይዛ ትግባ፤ ወይም በመካከላቸው በር ይዘጋ። «የእኛ ውሻ ገር ነው» ማለት ለዚህ መልስ አይሆንም፤ ገር ውሻም ሲያመው ወይም ሲደነግጥ ይነክሳልና።

ሁለተኛው ለልጆች ነው። ውሻ ሲበላ፣ ሲተኛ፣ አጥንት ሲግጥ አይቀርቡትም። ጅራቱንና ጆሮውን አይጐትቱም፤ እንደ ፈረስ አይቀመጡበትም፤ አንገቱን አንቀው አያቅፉትም። ቡችላው በጨዋታ መካከል ጥርሱን ካሳረፈ ወይም ከዘለለባቸው መሮጥና መጮኽ ጨዋታውን ያብሰዋል፤ ስለዚህ እጃቸውን አጣጥፈው እንደ ዛፍ ቀጥ ብለው ይቁሙ። ቡችላውም ጨዋታው ሲቋረጥበት ጊዜ መንከስ እንደማያዋጣው ይማራል። ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ የወተት ጥርሱን ስለሚለውጥ ድዱ ያሳክከዋልና የሚያኝከው ነገር ሊሰጠው ይገባል።

ሦስተኛው፣ የውሻን ቋንቋ መማር ነው። ውሻ ሳይናገር አይነክስም፤ እኛ ግን ንግግሩን አናውቅለትም። ፊቱን ወደ ሌላ ሲያዞር፣ ሳይርበው ከንፈሩን ሲልስ፣ ሳይተኛ ሲያዛጋ፣ ሰውነቱ ሲገተርና የዓይኑ ነጭ ሲታይ፣ «እባካችሁ ተዉኝ» ማለቱ ነው። በመጨረሻም ያጉረመርማል። ብዙ ሰው ውሻው ሲያጉረመርም ይመታዋል። ስለ ማጉረምረሙ የተመታ ውሻ ግን ማስጠንቀቁን ይተውና በድንገት ወደ መንከስ ይሄዳል። ባጉረመረመ ጊዜ ልጁን ቀስ ብሎ ማራቅና ያስቈጣውን ምክንያት መፈለግ ይሻላል።

ማስተማርም በዱላ አይሆንም። «ና»፣ «ተቀመጥ»፣ «ተው» የሚሉትን ቃሎች የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ዓይነት ይናገር፤ ቡችላው በታዘዘ ጊዜ ወዲያው ትንሽ ምግብ ወይም ምስጋና ይስጠው። የልጅ እጅ ለውሻው የመልካም ነገር ምንጭ ሲሆን፣ ያ እጅ ሲቀርበው ጅራቱን ይቈላል። የዱላ እጅ ብቻ ያየ ግን እጅ ሲነሣ ሁሉ ይሸሻል ወይም ይነክሳል።

ስለ ምግቡም ጥቂት እንበል። በእኛ ቤት የተረፈ ወጥ ለውሻ ይደፋል። ነገር ግን ሽንኵርት፣ ቀዩም ነጩም፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሶች ያፈርሳል፤ ያለ ሽንኵርት የተሠራ ወጥ ደግሞ እንደምታውቁት የለም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ትልቅ ዘር ቡችላ እጅግ እንዲወፍር መመገብም ጉዳት ነው፤ አጥንቱ ገና ሳይጠና ክብደቱ ሲበዛ፣ በዚህ ዘር የታወቀውን የዳሌ መገጣጠሚያ በሽታ ያባብሰዋል። እስከ 6 ወር በቀን 3 ጊዜ፣ ከዚያም በኋላ 2 ጊዜ በልክ መመገብ፣ እስኪጠናም ድረስ ረዥም ሩጫና ከከፍታ መዝለልን መከልከል ያስፈልጋል።

በበዓል ቀን በግ ሲታረድ የተበላሸ ሳምባና ጉበት ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። በውስጡ ውሃ የቋጠረ እባጭ ካለበት ግን ከዚያ የሚወጣው ትል በውሻው አንጀት ያድጋል፤ ዕንቍላሉም ከዓይነ ምድሩና ከጠጕሩ ወደ ልጆች እጅ፣ ከእጅም ወደ አፍ ተሻግሮ በሰው ጉበትና ሳምባ ላይ ያንኑ እባጭ ያበቅላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥጋ ማቃጠል ወይም ውሻ ቈፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጕድጓድ መቅበር፣ ቡችላውንም የትል መድኃኒት በየጊዜው መስጠት፣ ልጆችም ከተጫወቱ በኋላ እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ ማድረግ ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው የውሻ እብደት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዓለም ላይ ይሞታል፤ ከ100 ሟቾች 40ው ከ15 ዓመት በታች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፤ ከምልክቱ በፊት በጊዜ የተከተበ ግን ይድናል። ሉዊ ፓስተር ሐምሌ 6 ቀን 1885 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ክትባቱን የሰጠው የ9 ዓመት ልጅ ለነበረው ለዮሴፍ ማይስተር ነበር፤ ልጁም ዳነ። በአዲስ አበባም በጉለሌ ሕዝቡ ፓስተር እያለ የሚጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሊቅ ነው።

ቡችላው በ3 ወሩ ገደማ የእብደት ክትባት ይከተብ፤ የእንስሳት ሐኪሙ በሚያዘውም ጊዜ ይደገምለት። ፓርቮና ዲስተምፐር ለሚባሉት የቡችላ በሽታዎች ደግሞ ከ6ኛው ወይም ከ8ኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ 16ኛው ሳምንት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይከተባል። ሰው የተነከሰ እንደ ሆነ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። አስቀድሞ መድኃኒት ዐዋቂ ዘንድ መሄድ የማይመለስ ጊዜ ያጠፋል። ወላጆች ሆይ፤ በዚህ ላይ አንድ ልመና አለን። ልጅ ውሻ ነክሶት ሲመጣ፣ «ማን ንካው አለህ!» ብላችሁ አትምቱት። ቅጣት የሚፈራ ልጅ ቁስሉን ይሸሽጋል፤ የተሸሸገ ቁስልም ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

በመጨረሻም ለእኛ ለተማሪዎች። ቡችላ አቅፎ ወደ ቤት የሚገባው ብዙ ጊዜ ተማሪው ነው። ውሻው ግን 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። በ15 ዓመቱ ያመጣው ልጅ በ18 ዓመቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ፣ ውሻው ከእናቱና ከታናናሾቹ ጋር ይቀራል። እንግዲህ ቡችላው ከመምጣቱ በፊት ቤተ ሰቡ ተቀምጦ ይምከር፤ ማን ይመግበዋል? ማን ያስከትበዋል? ማን ያስተምረዋል? ከሕፃኑ ጋር ሲሆን ማን ይጠብቃቸዋል? ለእነዚህ ለአራቱ ጥያቄዎች አራት ስሞች ካልተገኙ ቡችላውን አለማምጣት ለልጁም ለውሻውም ምሕረት ነው። ከተገኙ ግን ያ ቤት ልጆቹ የማይፈሩት፣ ባዕድ የሚያከብረው ታማኝ ጠባቂ ያገኛል።