አረንጓዴውን የሚያምን ዓሣ

እሱ፦ ብሪትል ስታር የባሕር ኮከብ ዘመድ ነው፤ አምስት ቀጫጭን፣ የሚጥመለመሉ ክንዶች አሉት። ጨዋማ ውኃ ባለው አኳሪየም ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎች ይወዱታል። ቀን ከድንጋይ ሥር ተሸሽጎ ይውልና ማታ ወጥቶ ትራፊ ምግብ ይለቅምላቸዋል። ታዲያ ዓሣ ይበላል መባሉ ሐሜት አይደለም?

እሷ፦ ለአብዛኞቹ ዝርያዎች ሐሜት ነው። ለአረንጓዴው ግን አይደለም!

ኦፊያራክና ኢንክራሳታ ይባላል፤ መኖሪያው የሕንድ ውቅያኖስና ምዕራብ ፓስፊክ ነው። አስተዳደኑ ተንኮል አለበት። በክንዶቹ ጫፍ ይቆምና ገላውን ከአሸዋው ከፍ ያደርጋል፤ ከሥሩ ያለው ባዶ ቦታ ዋሻ ይመስላል። መጠለያ ያገኘች የመሰላት ትንሽ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ዘው ስትል፣ ክንዶቹን በቅጽበት ጠምዝዞ ይዘጋባታል። አፉ ደግሞ እዚያው፣ ከሆዱ ሥር ነው።

እሱ፦ አንጎል እንኳ ሳይኖረው! ጠግቦ ቢያድርስ?

እሷ፦ የሽሪምፕ ሥጋ ቆራርጦ መስጠት አደጋውን ይቀንስ እንደሆነ እንጂ አያጠፋውም። እንደ ጎቢ ያሉ ትንንሽ ዓሦች ያሉበት ገንዳ ውስጥ አረንጓዴውን መጨመር ዓሣውን አሳልፎ መስጠት ነው።

እሱ፦ ተገላቢጦሹም አይጠፋም መቼም።

እሷ፦ እንዴታ! ትሪገርፊሽና ፓፈርፊሽ የሚባሉት ዓሦች ክንዱን እየዘነጠሉ ይበሉታል። ክንዱስ መልሶ ያድጋል፤ የባሰው መድኃኒት ነው። የዓሣን ጥገኛ ተውሳክ ለማጥፋት ውኃው ውስጥ የሚጨመረው መዳብ ብሪትል ስታሩንም ይገድለዋል። ስለዚህ የታመመው ዓሣ ለብቻው፣ በሌላ ገንዳ ይታከማል።