ወሰን ያሰመረና ወሰን ያለፈ፦ ባድ ብሬይንስ እና ሃርድኮር ፓንክ



ፓንክ መሣሪያ መጫወት የማይችሉ ወጣቶች ጩኸት ነው የሚል አባባል አዘውትሮ ይሰማል። ዛሬ የማቀርብላችሁ ቡድን፣ የዋሽንግተን ዲሲው ባድ ብሬይንስ፣ ለዚህ አባባል ምላሽ ይሆናል። የምከራከርለትም ነጥብ አንድ ነው፤ ይህ ቡድን የሃርድኮርን ወሰን ካሰመሩት ቀዳሚዎች አንዱ ሲሆን፣ ወሰኑን ባሰመረበት ጊዜም ቢሆን በውስጡ ብቻ ተወስኖ አልኖረም።

አራቱ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ድምፃዊው ኤች አር፣ ጊታሪስቱ ዶክተር ኖው፣ የቤዝ ተጫዋቹ ዳሪል ጄኒፈር እና የኤች አር ወንድም የሆነው ድራመሩ ኧርል ሃድሰን፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ የተነሡት ማይንድ ፓወር በሚል ስም ነው (ዘመኑን ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር እጠራለሁ)። ይጫወቱ የነበረውም ጣትንም ጆሮንም የሚፈትነውን ጃዝ ፊውዥን ነበር። ወደ ፓንክ የተሻገሩት ይህን ሥልጠና ይዘው ነው። በ1980 የወጣው የመጀመሪያ ነጠላ ዜማቸው ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም በዚያ ጥድፊያ ውስጥ አራቱ እኩል ይቆማሉ፣ እኩል ይነሣሉ። ፍጥነታቸውን የተከተሉ ብዙ ናቸው፤ ጥንቃቄያቸው ላይ የደረሱ ግን ጥቂት ናቸው።

ቦብ ማርሌይን በመድረክ ካዩ በኋላ ወደ ራስ ተፈሪያን እምነት አዘነበሉ። በ1982 ሮር በተባለ የኒውዮርክ ኩባንያ በካሴት የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ሽፋን ላይ መብረቅ የካፒቶልን ጉልላት ሲመታ ይታያል፤ ቀለሞቹም አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ናቸው። በካሴቱ ውስጥ ከፈጣኖቹ ዘፈኖች መሐል ዝግ ያሉ የሬጌ ሥራዎች ገብተዋል። ሁለቱ ስልቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ እንጂ አልተቀላቀሉም። እኔ ይህን እንደ ድፍረት እቆጥረዋለሁ። በሬጌው ውስጥ በቤዙ ድምፆች መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፤ ያንን የሰማ ጆሮ ወደ ሃርድኮሩ ሲመለስ፣ ፍጥነቱ ታስቦበት የተመረጠ መሆኑን ይረዳል።

እዚህ ላይ ስለ ቀለሞቹ ጥቂት ልበል። በዚያው ዘመን፣ በዚያችው ከተማ፣ ከ1974ቱ አብዮት በኋላ አገራቸውን የለቀቁ ኢትዮጵያውያን እየሰፈሩ ነበር። ለአንዱ ወገን ኢትዮጵያ የተስፋ ምድር ነበረች፤ ለሌላው ጥሏት የመጣት ቤቱ። በባድ ብሬይንስ ሙዚቃ ውስጥ ትዝታን ወይም አንቺ ሆዬን መፈለግ ግን ከንቱ ድካም ነው። የደረሳቸው በጃማይካ በኩል የተሻገረ ስምና እምነት ነው፤ ቅኝታችን አብሮ አልተሻገረም።

እምነቱ ሌላ ገጽም ነበረው። በ1982 በቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ፣ በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ላይ ባሳዩት ጥላቻ ከሌሎች የፓንክ ቡድኖች ጋር ተጋጩ፤ ቂሙም ለዓመታት ዘለቀ። ይህን ሸፍኖ ቡድኑን ማወደስ ለተመራማሪ አይገባም። በሙዚቃ ወሰን የጣሰ ሰው በሌላው ነገር አጥር ሊያጥር እንደሚችል የሚያሳይ ነውና፣ ስለ ስልት ስንጽፍ «ነፃነት» የሚለውን ቃል በቁጥብነት እንድንጠቀም ያስገድደናል።

በ1986 ኤስኤስቲ በተባለው ኩባንያ በኩል «አይ አጌንስት አይ» ወጣ። ተለያይተው የቆዩት ስልቶች እዚህ ላይ መዋሐድ ጀመሩ፤ የፈንክ ምት፣ የከባድ ሮክ ጊታርና የሶል አዘፋፈን በአንድ ዘፈን ውስጥ ይገናኛሉ። ርዝመቱ ጨመረ፣ ፍጥነቱ ቀነሰ። ፈጣኑን ብቻ ይወዱ የነበሩ አድማጮች ቅር ቢላቸው አልፈርድባቸውም፤ በእኔ ሚዛን ግን ከሥራዎቻቸው ሁሉ የሚልቀው ይህ ነው። ከዘፈኖቹ አንዱ «ሴክረድ ላቭ» ነው። በቀረጻው ጊዜ ኤች አር በማሪዋና ክስ በቨርጂኒያ፣ በሎርተን እስር ቤት ነበርና፣ የዘፈነው በስልክ ነው። የቀጠነው የስልክ ድምፅ ከወፍራሙ ጊታር በላይ ሲወጣ በግልጽ ይለያል።

አሁን ከ1982ቱ ካሴት አንድ ፈጣን ዘፈንና ቀጥሎ አንድ ሬጌ አሰማችኋለሁ፤ በመጨረሻም «ሴክረድ ላቭን»። ከዚያ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሄዳለን።